ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር

ከአታት በስተምሥራቅ ካሉት የጉራጌ ተራሮች ማዶ፣ በቡታጅራ አካባቢ፣ ቀይና ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቆልሎ ይታያል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ፋጢር 27ኛ አንቀጽ የተራሮችን ነጭ፣ ቀይና ጥቁር መስመሮች ያወሳልናል። ተማሪዎቻችን «ቅላቱ ከየት መጣ?» ይሉናል። ድንጋዩ በውስጡ ብረት አለው፤ ትኩስ ሳለ አየር ሲያገኘው እንደ ዛገ ብረት ይቀላል። ቶሎ የቀዘቀዘ ጥቁር ድንጋይም አለ፤ እንደ መስታወት ያበራል፣ ስለቱም ለጉራጌ ቆዳ ፋቂዎች መፋቂያ ሆኖ ኖሯል።

ሐረ ሸይጣን የሚባለው ሐይቅ ግን በስሙ ልጆችን ያስፈራል። ሸይጧን ሐይቅ አይፈጥርም! የጋለ ቅላጭ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ በእንፋሎት ኃይል ሲፈነዳ የተከፈተ ጉድጓድ ነው። ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ወስዳችሁ አረንጓዴውን ውኃ አሳዩዋቸው፤ ገደሉ ቀጥ ያለ ነውና እጃቸውን አትልቀቁ።