«ተጫዋች» ስኪ ለማን ይሆናል? ከመግዛትዎ በፊት ተራራው ላይ ይፈትኑት

ዴንቨር ወይም ጎረቤቷ አውሮራ ውስጥ ዘመድ ካለዎት ነገሩን ያውቁታል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር ወደ ምዕራብ የሚወስደው ኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና ስኪ በጫኑ መኪኖች ይጨናነቃል። እዚያ የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆችም ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ተራራ ይወጣሉ። ወላጆች መጀመሪያ ከታች ካፌ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ቆይተው ተከራይተው ይሞክራሉ፤ ከዚያም የራሳቸው ስኪ ያምራቸዋል። ሱቅ ሲገቡ ግን ግድግዳ ሙሉ ተደርድሮ ሲያዩት ግራ ይገባቸዋል።

በረዶና ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደሉም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ፣ ቀጥሎም በ2010 ቫንኩቨር ላይ አገራችንን በክረምት ኦሊምፒክ ወክሏል፤ ከእሱ በፊት በዚህ ውድድር የተሳተፈ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። የሮቤል ውድድር ግን የአገር አቋራጭ ስኪ ነው። ያ ስኪ ቀጭን ሲሆን የጫማው ተረከዝ አይታሰርም። እዚህ የምናወራው በሊፍት ወጥተው ቁልቁል ስለሚንሸራተቱበት፣ ጫማው ከፊትም ከኋላም ስለሚታሰርበት ስኪ ነው።

ሻጩ «ተጫዋች ነው» ሲልዎ

ለሪዞርት የሚሸጡት አብዛኞቹ ስኪዎች «ኦል ማውንቴን» ይባላሉ፤ ለሁሉም ዓይነት የተራራ መንገድ ይሆናሉ እንደማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑት ደግሞ «ተጫዋች» ተብለው ይሞገሳሉ። በማርኬቲንግ ሙያ እንደሚሠራ ሰው ልንገርዎት፤ እንዲህ ያለ ቃል የሚመረጠው ማንም ሰው «አልፈልግም» ስለማይለው ነው። ተጫዋች ነገር የሚጠላ ማን አለ? ደግነቱ ከቃሉ ጀርባ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር አለ።

ስኪውን ጠፍጣፋ ወለል ላይ ያስቀምጡና በጎን ይመልከቱት። የፊትና የኋላ ጫፎቹ ከወለሉ ቀደም ብለው ቀስ እያሉ የሚነሱ ከሆነ ቅርጹ ሮከር ይባላል። መካከሉ እንደ ቅስት ከፍ ካለ ደግሞ ካምበር ነው። ተጫዋች ስኪ ከሁለቱም ጫፍ ሰፋ ያለ ሮከር አለው፤ ስለዚህ በረዶውን የሚነክሰው የብረት ጠርዝ ያጥራል፣ እግርም በቀላሉ ያዞረዋል። ቀጥሎ ጫፉን ይዘው ለመጠፍ ይሞክሩ፤ ተጫዋቹ ይለምጣል። ክብደቱም ቀለል ይላል።

ለምሳሌ የኦስትሪያው አቶሚክ ቤንት 100 የሚባል ስኪ ይሠራል። ቁጥሩ የወገቡን፣ ማለትም የመካከለኛ ክፍሉን ስፋት በሚሊሜትር ያመለክታል። ውስጡ ፖፕላር የተባለ ቀላል እንጨት ነው፤ ሥዕሉን የሣለው አሜሪካዊው ስኪ ተጫዋች ክሪስ ቤንቼትለር ነው። በሌላ በኩል የጀርመኑ ፎልክል የሚሠራው ማንትራ ወገቡ 96 ሚሊሜትር ሆኖ ውስጡ ብረት ገብቶበታል። በስፋት አራት ሚሊሜትር ብቻ ይለያያሉ፤ በጠባይ ግን አይገናኙም። ማንትራው በፍጥነት ሲሄዱ ይረጋል፣ ጠንካራ በረዶ ይነክሳል፤ በምላሹ ከተንሸራታቹ ጉልበትና ችሎታ ይጠይቃል። ቤንቱ ደግሞ ለመታዘዝ ፈጣን ነው፤ ትንሽ ጉብታ ላይ መዝለልና ዛፍ ለዛፍ መሽሎክሎክ ይሆንለታል። ፍጥነት ሲጨምሩበትና በረዶው ሲጠነክር ግን ጫፉ መርገብገብ ይጀምራል።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ተጫዋችነት ስጦታ ሳይሆን ልውውጥ ነው። በቀላሉ መታጠፍን ያገኛሉ፤ የሚከፍሉት በመርጋት ነው። ሥዕሉን አይተው ልውውጡን ሳያዩ ከገዙ፣ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን ይመጣል።

በየትኛው ተራራ ላይ?

ተመሳሳይ ስኪ በሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ነው። በኮሎራዶ በረዶው ብዙ ጊዜ ደረቅና የላላ ስለሆነ ከ95 እስከ 100 ሚሊሜትር ያለ ወገብ ይሠራል። ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ወደ ፔንሲልቬኒያና ዌስት ቨርጂኒያ የሚሄዱ ቤተሰቦች ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት በማሽን የተሠራ ጠንካራ በረዶ ነው፤ እዚያ ወደ 80 ሚሊሜትር የሚጠጋ ወገብ ይሻላል። ሰፊ ስኪን በጠንካራ በረዶ ላይ በጠርዙ ማቆም ድካሙ ለጉልበት ይተርፋል። ዱባይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው ቤት ውስጥ ያለው ስኪ ዱባይ ደግሞ ለመጀመሪያ ሙከራ ጥሩ ነው፤ ዕቃው ከመግቢያው ጋር ስለሚሰጥ ለዚያ ብለው ምንም አይግዙ።

የፈተናው ቀን

በተራራ ሪዞርቶች ያሉ ሱቆች «ዴሞ» የሚባል ኪራይ አላቸው። ለሽያጭ የቀረበውን ስኪ ለአንድ ቀን ይሰጥዎታል፤ አንዳንዶቹ በኋላ ከገዙ የኪራዩን ሂሳብ ከዋጋው ይቀንሱልዎታል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ስኪዎችን በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ ያወዳድሩ።

ከዴንቨር 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ላቭላንድ ለዚህ ይመቻል። ነገር ግን የሊፍቱ መነሻ ራሱ 3,290 ሜትር ገደማ ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ይበልጣል። የአዲስ አበባ ሰው ቢሆኑም ትንፋሽ ያጥርዎታልና ውኃ ይጠጡ፣ አይቸኩሉ።

ጠዋት በማሽን የተደለደለው መንገድ ገና ጠንካራ ነው። በሰማያዊ ካሬ ምልክት የተለየውን መካከለኛ መንገድ ይምረጡና ረጅም መታጠፊያ ይሥሩ። ስኪው መስመሩን ይዞ ይሄዳል ወይስ ጅራቱ ይሸሻል? ቀጥሎ አጫጭር መታጠፊያ ይሞክሩ። ከእግርዎ ጋር ይዞራል ወይስ ይጎትትዎታል?

ከምሳ በኋላ ያው መንገድ በሰው ብዛት ተቆፋፍሮ ጉብታ ያወጣል። ተጫዋች ስኪ ዋጋውን የሚያስመሰክረው እዚህ ነው። አብዛኞቹ ወላጆች ጠዋት ትኬት፣ ጓንትና የልጅ ጫማ ሲያስተካክሉ ይረፍድባቸዋል፤ የሚንሸራተቱት ከሰዓት በኋላ ባለው በረዶ ላይ ነው። ፈተናውን መመዘን ያለብዎት እርስዎ በብዛት በሚገኙበት ሰዓት እንጂ በማስታወቂያው ላይ ባለው ድንግል በረዶ አይደለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭንዎ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ያ ስኪ የእርስዎ አይደለም። ብዙ አደጋ የሚደርሰውም በደከመ እግር ነው።

ገንዘብና ጉልበት

ዋጋ ሲጠይቁ ማሰሪያውን፣ ባይንዲንግ የሚባለውን፣ ይጨምር እንደሆነ ያረጋግጡ። እንዲህ ያሉ ስኪዎች ብዙ ጊዜ ያለ ማሰሪያ ነው የሚሸጡት፤ የመግጠሚያውም ሂሳብ ለብቻው ነው። ማሰሪያው ሲወድቁ ጫማዎን እንዲለቅ የሚስተካከለው በክብደትዎ፣ በቁመትዎ፣ በዕድሜዎ፣ በችሎታዎና በጫማው ርዝመት ነው። ይህን ለሠለጠነ ባለሙያ ይተዉት። ክብደትዎን አይቀንሱ፣ ችሎታዎን አያጋንኑ፤ አጉል ኩራት እዚህ ጋ የሚከፈለው በጉልበት ጅማት ነው።

ርዝመቱ ከአገጭዎ እስከ ግንባርዎ ባለው መካከል ይሁን። ጀማሪ ወደ አገጩ ይጠጋ። ሮከሩ ሰፊ የሆነ ስኪ በተግባር አጭር ስለሚሆን ትንሽ ረዘም ያለውን መውሰድ ይቻላል።

በጀትዎ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ልክዎ የሆነ ጫማ ይግዙ፤ ስኪውን ይከራዩ። የማይመች ጫማ ምርጡን ስኪ ያበላሻል። ለልጆች ደግሞ በየዓመቱ ስለሚያድጉ ሙሉ የበረዶ ወቅቱን የሚሸፍን ኪራይ ያዋጣል። የራስ ቁር ግን ለሁሉም ግዴታ አድርጉት።

እንግዲህ ለማን?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ያለ ሰው ቀጠን ያለ የጀማሪ ስኪ ይከራይ። ፍጥነት የሚወድና ጠዋት በጠንካራ በረዶ ላይ የሚበር ሰው ብረት ያለውን ይፈትን። ሰማያዊ መንገዶችን ተረጋግቶ የሚወርድ፣ ፍጥነት ብዙም የማያጓጓው፣ ልጆቹ ወደ ጉብታውና ወደ ዛፎቹ መሀል ሲገቡ ተከትሎ መሳቅ የሚፈልግ ወላጅ ግን ተጫዋቹን ስኪ የሠሩት ለእሱ ነው ማለት ይቻላል።

ሱቅ ሲገቡ ሦስት ጥያቄ ይያዙ፦ በብዛት የምንሸራተተው በምን ዓይነት በረዶ ላይ ነው? በስንት ሰዓት? ከማን ጋር? መልሱን ለሻጩ እርስዎ ቀድመው ይንገሩት። ያኔ ስኪውን የሚመርጠው የእርስዎ ኑሮ እንጂ የእኛ የማስታወቂያ ሰዎች ቃል አይሆንም።

መልካም የበረዶ ወቅት!