ልጄን የያዘው ሰይጣን ሳይሆን ጊታር ነው!

እናንት ልጅ ያሳደጋችሁ እናቶች፣ እስቲ ፍረዱኝ! የራስ ቅል የተሣለበት ጥቁር ካናቴራ ለብሶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቤቱ እስኪነቃነቅ ድረስ የጊታር ጩኸት የሚለቅ የ19 ዓመት ጎረምሳ ቤታችሁ ቢኖር ምን ታደርጋላችሁ? የባለቤቴ እህት መልሷ ዝግጁ ነበር። «ምን ትጠብቂያለሽ? ይሄ እኮ የሰይጣን ዘፈን ነው፤ ጠበል ውሰጂው!» አለችኝ። ባለቤቴ በበኩሉ ስፒከሩን በመስኮት ሊወረውረው ዛተ። እኔ በመሀል ተጨነቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወደቁት አንዱ ነው። ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲነገር፣ ከተፈተኑት ከ100ው ልጆች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 4 እንኳ አልሞሉም። ብቻውን አልወደቀም ማለት ነው። ይህን መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤት አይወጣ፣ ከሰው አይቀላቀል፣ ምግብ ሲቀርብለት ሁለት ጎርሶ ይነሳል። እውነቱን ለመናገር እኔን ያስፈራኝ የዘፈኑ ጩኸት ሳይሆን የልጁ ዝምታ ነበር።

አንድ ማታ በሩን አንኳኩቼ ገባሁና «እስቲ ካንተ ዘፈኖች አንዱን አሰማኝ፤ ከዚያ እኔ ደግሞ የኔን አሰማሃለሁ» አልኩት። አፍጥጦ አየኝ። «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ደህና መሆኔን አስረድቼ ውል ገባን። በየማታው ከእራት በኋላ አንድ የሱ፣ አንድ የኔ፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ደግሞ አስተያየት መስጠት ክልክል ነው።

መጀመሪያ የመረጠልኝ የቸክ ቤሪን «ጆኒ ቢ. ጉድ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣ። እንደፈራሁት አይደለም፤ እንዲያውም እግሬ ተንቀሳቀሰ። «ይሄማ መደነሻ ነው!» አልኩት። «እስቲ አጨብጭቢ» አለኝ፤ አጨበጨብኩ። ሣቀ… ከስንት ጊዜ በኋላ! ለካስ እስከ አራት እየተቆጠረ ሲሄድ እኔ የማጨበጭበው አንድ እና ሦስት ላይ ነው። የሮክ ከበሮ ግን ጠንከር ብሎ የሚመታው ሁለት እና አራት ላይ ነው አለኝ። ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ እስካሁንም አልሆነልኝም።

በሦስተኛው ማታ የባለቤቴ እህት እራት ላይ ስለነበረች እሷንም አስቀመጥናት። ልጄ ተንኮለኛ ነው፤ የሲስተር ሮዜታ ታርፕን ከፈተ። ይህቺ ጥቁር አሜሪካዊት የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበረች። በ1944 እ.ኤ.አ. ጊታር እየተጫወተች የቀዳችውን መዝሙር ብዙዎች ከሮክ ጅማሮዎች እንደ አንዱ ይቆጥሩታል። ኤልቪስ ፕሪስሊ ገና የ9 ዓመት ልጅ ነበር! «አየሽ አክስቴ፣ መዝሙር ነው» አላት። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ታዲያ ጴንጤ ናት በለኛ!» እኔ መልስ አጣሁ፤ ለካስ በእርግጥም ጴንጤቆስጤ ነበረች።

ያ የሚያስጨንቀኝ የተሻከረ የጊታር ድምፅስ? እሱንም ጠየቅሁት። በ1964 እ.ኤ.አ. ኪንክስ በሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ውስጥ ጊታር የሚጫወት አንድ የ17 ዓመት ልጅ፣ የራሱን ትንሽ የድምፅ ማጉያ ወረቀት በምላጭ ተለተለው። ድምፁ ተቀዳደደ፤ «ዩ ሪሊ ጋት ሚ» የሚለው ዘፈናቸው በዚያው ድምፅ ተቀድቶ ታወቀ። «ደህና ዕቃ በምላጭ!» ብዬ ጮህኩ፤ እናት አይደለሁ? በኋላ ሳስበው ግን ድምፁን አውቀዋለሁ። ሰርግ ቤት ድንኳን ውስጥ ሞንታርቦውን ከአቅሙ በላይ ሲለቁት የሚያሰማው ያ ስንጥቅ ድምፅ የለም? እሱ ነው። የኛ ሰው «ሞንታርቦው ተበላሸ» ይላል፤ እነሱ ደግሞ ወደዱትና ሆን ብለው ያበላሹት ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቹ መጡ (ይሄም ራሱ ለኔ በዓል ነበር፣ ቡና አፈላሁ)። ሮክ ማለት ምንድነው በሚለው ተፋጠጡ። አንዱ ያልጮኸ ጊታር ሮክ አይደለም ባይ ነው። ሌላው የኩዊንን «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» አመጣ፤ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 6 ደቂቃ የሚጠጋ፣ መሀሉ ላይ ኦፔራ የገባበት። ልጄ ደግሞ የዳየር ስትሬትስን «ሰልታንስ ኦፍ ስዊንግ» ከፈተ። እዚህ ላይ ማርክ ኖፕፍለር ጊታሩን ያለ መምቻ፣ በባዶ ጣቱ ነው የሚጫወተው፤ ጩኸት የሚባል የለበትም። እኔም ጣልቃ ገባሁ። «አዝማሪ መሰንቆውን ሲይዝ ማን ይቀድማል? መሰንቆው አይደል? አዝማሪው አንድ ስንኝ ይላል፣ መሰንቆው ይመልስለታል። እናንተ ያሰማችሁኝም ሁሉ እንደዚያው ነው፤ ጊታሩ አጃቢ አይደለም፣ ከዘፋኙ ጋር ይሟገታል» አልኳቸው። ጊታሩ ደጋግሞ የሚያመላልሳት አጭር ዜማ ‹ሪፍ› ትባላለች አሉኝ። ብዙ ጊዜ ዘፈኑን የምታስታውሱት በግጥሙ ሳይሆን በሷ ነው። ከበሮው ሁለት እና አራት ላይ ይምታ፣ ጊታሩ ይሟገት፤ ለኔ ሮክ ይሄ ነው። ጩኸቱ እንደየሰዉ ጠባይ ነው። ከሦስቱ አንዳቸውም ሙሉ በሙሉ አልተስማሙልኝም።

በኔ ተራ የበዛወርቅ አስፋውን ትዝታ አሰማሁት። ፊቱን ያጨፈግጋል ስል ጭራሽ ከጓደኛው የተዋሰውን ጊታር አነሳ። ትዝታ ሜጀር በሚባለው ቅኝት ያሉትን አምስት ድምፆች አንድ በአንድ መታቸው። ቀጥሎ እነዚያኑ አምስቱን ከሌላኛው ድምፅ ጀምሮ መታቸውና «ይሄ ደግሞ የብሉዝ ነው፤ የሮክ ጊታር መነሻው እዚህ ነው» አለኝ። አንጀቴን በላው። ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ኤርታሌ» አልበም የጮኸ ጊታርና አማርኛ አብረው እንደሚሄዱ አሳይተዋል፤ እሱንም አሰምቶኛል፣ ወድጄዋለሁ።

ለመጀመር ያሰባችሁ እናቶች ካላችሁ፣ ከዳየር ስትሬትስ ጀምሩ፤ ጆሮ አይቆጣም። «ቀንሰው» የሚለውን ቃል ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ዋጥ አድርጉት። ብላክ ሳባዝን ግን ቀስ ብላችሁ።

እኔም እዚያ የደረስኩት በአሥራ አንደኛው ማታ ነው። የካናቴራውም ነገር ከዚያ ወገን ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲከፍተው ዝናብና ደወል ተሰማ፤ ከዚያ ያ ከባድ ጊታር መጣ። አማተብኩ። ዘፈኑ ሲያልቅ ልጄ ስለ ጊታር ተጫዋቹ ነገረኝ። ቶኒ አዮሚ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የቆርቆሮ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በ17 ዓመቱ፣ ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን፣ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለነበረ ክሩን የሚጫነው በዚያው በቀኝ እጁ ነበር። ጊታር አበቃልህ አሉት። የፋብሪካው አለቃ ግን አንድ ሸክላ አሰማው፤ የጃንጎ ራይንሃርት ጊታር ነበር። ከሰማው በኋላ፣ ይህ ሰው እጁ በእሳት ተጎድቶ በዋናነት በሁለት ጣቶቹ ብቻ እንደሚጫወት ነገረው። አዮሚ ፕላስቲክ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፣ ቆዳ ለጠፈበት፣ ቀጫጭን ክር አሰረ። በኋላም ክሮቹን አላልቶ ድምፁን ዝቅ አደረገው። ያ ያስፈራኝ ወፍራም ድምፅ ከተጎዳ እጅ የመጣ ነው።

ዝም አልን። ስልኩን እያገላበጠ «እማዬ…» አለ፤ «አለቃው ሸክላውን ባያሰማውስ ኖሮ?»

ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። ብቻ ያን ሌሊት እስከ ሰባት ሰዓት ስለ ፈተናው አወራን። ውጤቱን ባየ ማግስት ወደ ስልክ ቤት እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ፣ ድልድይ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆሞ እንደተመለሰ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። አባቱን ቀሰቀስኩት። ሦስታችንም አልተኛንም። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን፤ አሁንም ይከታተላል። ለፈተናውም እንደገና ተመዘገበ።

ስፒከሩ እንዳለ ነው። የባለቤቴ እህት ባለፈው እሑድ መጥታ ያቺኑ ሮዜታን አሰሙኝ አለች። ቡናዋን ይዛ ስትሰማ እግሯን አየሁት፤ ሁለት እና አራት ላይ ነው የምትመታው! እኔ ሳልችል እሷ! ሲያልቅ ሲኒዋን አስቀመጠችና «ጠበሉ ግን አይቀርም» አለች። ልጄም «እሺ አክስቴ» ብሎ ቅዳሜ አብሯት ሄደ፤ በካናቴራው ላይ ሹራብ ደርቦ።