ስለ ጠገራ ብርና ስለ ሌሎች አሮጌ ገንዘቦች ዋጋ

ከብር ማዕድን የተሠራ አሮጌ ገንዘብ ሦስት ዓይነት ዋጋ አለው። አንደኛው በላዩ የተጻፈው ነው፤ ሁለተኛው በውስጡ ያለው የማዕድኑ ዋጋ ነው፤ ሦስተኛው አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች የሚከፍሉት ነው። በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻና በዶርዜ፣ እንዲህ ያለ ገንዘብ በየሳጥኑ ያስቀመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ስላሉ፣ ልዩነቱን ማወቅ ለሁላችን ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ጠገራ ብርን እንመልከት። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ስለ ሞተች፣ ከዚያ በኋላ የተሠራው ሁሉ ይኸው ዓመት ተጽፎበታል። በቪየና ብቻ ሳይሆን ቆይቶ በሮምና በለንደንም ተሠርቷል። ስለዚህ 1780 የሚል ቁጥር ያለበት ብር ሁሉ የዚያ ዘመን ነው ማለት አይደለም። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ይኸውም 23.4 ግራም ይሆናል። አባቶቻችን ወርቅ የሚመዝኑበት ወቄትም ክብደቱ የአንድ ጠገራ ብር ያህል ነበር።

ሁለተኛው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነው። 1887 ዓ.ም. የሚል ቁጥር ይዞ በፓሪስ ተሠራ። ግማሹ አላድ፣ አራተኛው እጅ ሩብ ይባል ነበር። በክብደትም በማዕድንም ከጠገራው ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ሕዝቡ ጠገራውን ስለ ለመደ የምኒልክ ብር ሊተካው አልቻለም፤ የተሠራውም በጣም ጥቂት ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎች ከጠገራው አብልጠው የሚፈልጉት ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው በግዕዝ አኃዝ 1936 ዓ.ም. የተጻፈበት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 50 ሳንቲም ነው። በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ሲሠራ፣ በመጀመሪያ ከመቶ 80፣ በኋላም 70 እጅ ብር ነበረው። የመዳቡ 25 ሳንቲም ያን ጊዜ ክብ ስለ ነበረ፣ አታላዮች ብር እየቀቡ በ50 ሳንቲም ስም ያሳልፉት ጀመር፤ ስለዚህ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል እንዲሆን ተደረገ። አሜሪካኖችም እስከ 1964 እ.ኤ.አ. የ10፣ የ25ና የ50 ሳንቲም ገንዘባቸውን ከመቶ 90 እጅ ብር ያደርጉ ነበር፤ የብር ዋጋ ሲወደድ ግን 10ና 25 ሳንቲሙን ያለ ብር መሥራት ጀመሩ።

ባለፈው ዓመት አንድ ገዢ ወደ ሴት አያቴ ቤት መጥቶ፣ ሁለት ጠገራና አንድ የምኒልክ ብር በአንድ ሚዛን ላይ አድርጎ በግራም ብቻ ሊገዛ ፈለገ። አያቴ ለክፉ ቀን ያኖረቻቸው ናቸውና አልሸጠችም። ቢሸጡ ኖሮ የምኒልኩ ብር ከጠገራው ሳይለይ በማዕድኑ ዋጋ ብቻ ይሄድ ነበር።

እንግዲህ አንባቢዎቼ ሆይ፣ አሮጌ ብር በቤታችሁ ቢገኝ ይህን አድርጉ። መጀመሪያ መልኩንና ዓመቱን አንብባችሁ ለዩ። በማግኔት ሞክሩት፤ ከሳበው ብር አይደለም። በትንሽ ሚዛን መዝኑት፤ ጠገራው ከ28 ግራም እጅግ ከቀለለ ተጠራጠሩ። በአመድ ወይም በሎሚ አትፈትጉት፣ ለአንገት ጌጥም አትብሱት፤ ሰብሳቢ የተፋቀና የተበሳ አይወድም። ለአንጥረኛ ከመስጠታችሁም በፊት አስቡ፤ አንድ ጊዜ ከቀለጠ የሚቀረው የማዕድኑ ዋጋ ብቻ ነው፤ የዘመኑም ታሪክ አብሮ ይጠፋል።