ዘግይቶ የመጣን ልጅ ከማን ጋር እናሰልፈው?

ባለፈው ክረምት ከሜሪላንድ የደወለችልኝ የአክስቴ ልጅ ስለ ጤናዬ እንኳን በወጉ ሳትጠይቅ ነበር ወደ ጉዳይዋ የገባችው፡፡ ‹‹ወንድም ጋሼ፣ አንተ የሕግ ሰው ነህና እስቲ ይህን ነገር ፍረድ›› አለችኝ፡፡ ከአዲስ አበባ ከወሰደችው ገና ዓመት ያልሞላው የ15 ዓመት ልጇ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛው ገፋፍቶት ስካውት ገብቶ ነበር፡፡ በሦስተኛው ሳምንት ግን ‹‹ሁለተኛ አልሄድም›› ብሎ ቁጭ አለ፡፡ ምክንያቱን ስትጠይቀው ‹‹እማዬ፣ ከሕፃናት ጋር አስቀምጠው ገመድ ሲያስቋጥሩኝ ነው የሚያመሹት›› አላት፡፡

የእናትየዋ ጥያቄ አጭር ነው፡፡ ልጁ በዕድሜው ትልቅ ነውና የታችኞቹን ደረጃዎች ለምን አያዘሉትም? እኔም መጀመሪያ ላይ ልክ ናት ብዬ ነበር፡፡ ነገር ግን ፍርድ ከመስጠት በፊት ሕጉን ማንበብ ይቀድማልና የድርጅቱን ደንብ አገላብጬ አየሁት፤ በስካውት ለረዥም ጊዜ የቆዩ ወዳጆቼንም ጠየቅኩ፡፡ ያገኘሁት መልስ እናትየዋ ከጠበቀችው የተለየ ነው፡፡ ልጆቻቸው በ14 እና በ15 ዓመታቸው አሜሪካ ለሚገቡ ብዙ ወገኖቻችን ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ እነሆ፡፡

መሰላሉ እንዴት ተሠራ?

የስካውት እንቅስቃሴ ጅማሬ እ.ኤ.አ. በ1907 እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ቤደን ፓወል ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ ጥቂት ልጆችን ሰብስቦ ያካሄደው የሙከራ ሰፈር ነው፡፡ በእኛም አገር በንጉሡ ዘመን ስካውት እንደነበረ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ፡፡ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1910 የተመሠረተውና ከ2025 ጀምሮ ‹‹ስካውቲንግ አሜሪካ›› የሚል ስያሜ የያዘው ድርጅት፣ ዕድሜያቸው በግምት ከ11 እስከ 17 ለሆኑ ልጆች ያዘጋጀው ፕሮግራም ሰባት ማዕረጎች አሉት፡፡ እነሱም ስካውት፣ ተንደርፉት፣ ሰከንድ ክላስ፣ ፈርስት ክላስ፣ ስታር፣ ላይፍና የመጨረሻው ኢግል ወይም ንስር ናቸው፡፡

ደንቡ ሁለት ነገሮችን በግልጽ ያስቀምጣል፡፡ አንደኛ፣ ማዕረግ መዝለል የለም፡፡ የ15 ዓመት ልጅም እንደ 11 ዓመቱ ልጅ ከታች ነው የሚጀምረው፡፡ ሁለተኛ፣ ለንስር ማዕረግ የሚያስፈልገው ሥራ ሁሉ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው መጠናቀቅ አለበት፡፡ ከልደቱ ቀን በኋላ ሊደረግ የሚችለው የመጨረሻው የግምገማ ጉባዔ ብቻ ነው፡፡

ይሁን እንጂ ይኸው ደንብ ለዘገየ ልጅ የከፈታቸው በሮችም አሉ፡፡ ማዕረጎቹ የሚሰጡት በቅደም ተከተል ቢሆንም፣ እስከ ፈርስት ክላስ ያሉትን መስፈርቶች ጎን ለጎን መሥራት ይፈቀዳል፡፡ ሜሪት ባጅ የሚባሉትን የሙያና የዕውቀት ምልክቶችም ቢሆን ማዕረግ ሳይጠብቁ ከተመዘገቡበት ቀን ጀምሮ መሥራት ይቻላል፡፡ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ዓመት ሙሉ የሚለማመደውን የካርታ ንባብ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታና የምግብ አበሳሰል፣ የ15 ዓመት ልጅ በጥቂት ቅዳሜና እሑዶች ሊጨርሰው ይችላል፡፡ ደንቡ ዕድሜውን አይቶ ቅናሽ አያደርግለትም፡፡ ዕድሜው ራሱ ግን ፍጥነት ይሰጠዋል፡፡

ከልደቱ ቀን ወደ ኋላ መቁጠር

ዘግይቶ ለገባ ልጅ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ወረቀትና እርሳስ ነው፡፡ ከ18ኛ ዓመት ልደቱ ወደ ኋላ ይቆጠር፡፡ ከፈርስት ክላስ ወደ ስታር ቢያንስ አራት ወር፣ ከስታር ወደ ላይፍ ስድስት ወር፣ ከላይፍ ወደ ንስር ሌላ ስድስት ወር ንቁ ተሳትፎ ይጠየቃል፡፡ ይህ ብቻ 16 ወር ነው፡፡ ከዚያ በታች ያሉት ማዕረጎችም አካል ብቃትን የሚመለከቱ ተከታታይ መስፈርቶች አሏቸው፡፡ ለተንደርፉት 30 ቀን፣ ከዚያ ለሰከንድ ክላስ አራት ሳምንት፣ ከዚያም ለፈርስት ክላስ ሌላ አራት ሳምንት ነው፡፡ ሲደመር ሦስት ወር ገደማ ይሆናል፡፡

እንግዲህ አንድም ቀን ሳይባክን 19 ወር ማለት ነው፡፡ 16 ዓመት ከአምስት ወር ሆኖት የገባ ልጅ ጫፍ ላይ ቆሟል፡፡ 15 ዓመቱ ላይ የገባው ግን 36 ወር አለው፤ ያለ ጭንቀት ይደርሳል፡፡ የአክስቴን ልጅ ያረጋጋት ይህ ስሌት ነው፡፡ ልጇ የዘገየ መሰላት እንጂ ጊዜው አላለፈበትም፡፡

ቀጥሎ በጥረት ሊፋጠኑ የማይችሉትን ሥራዎች ለይቶ አስቀድሞ መጀመር ነው፡፡ ለንስር ከሚያስፈልጉት 21 ባጆች መካከል የገንዘብ አያያዝን የሚመለከተው የ13 ተከታታይ ሳምንታት የገቢና ወጪ መዝገብ ይጠይቃል፡፡ የቤተሰብ ሕይወትን የሚመለከተው የ90 ቀን የቤት ውስጥ ሥራ፣ የአካል ብቃት ባጅ ደግሞ የ12 ሳምንት ልምምድ አለው፡፡ የካምፒንግ ባጅ 20 ሌሊት ውጪ ማደርን ይጠይቃል፡፡ ፈርስት ክላስ ራሱ አሥር የቡድን እንቅስቃሴዎችን የሚፈልግ ሲሆን፣ ከእነሱ ቢያንስ ስድስቱ ከቤት ውጪ የሚደረጉ፣ ሦስቱ ደግሞ የሚታደርባቸው መሆን አለባቸው፡፡ በወር አንዴ የሚወጣ ቡድን ውስጥ ያለ ልጅ አንድ ጉዞ ከቀረ አንድ ወር እንደከሰረ ይቁጠረው፡፡

ለእኛ ልጆች በተለይ የሚከብድ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ዋና ነው፡፡ ለፈርስት ክላስ 100 ያርድ ወይም 91 ሜትር ያህል የመዋኘት ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፡፡ አዲስ አበባ ላደገ ልጅ ይህ ቀላል አይደለም፡፡ ስለዚህ ልጁ በተመዘገበበት ሳምንት የዋና ትምህርት ቢጀምር ይመከራል፡፡ በ17 ዓመቱ በድንጋጤ ከሚጀምረው በ15 ዓመቱ በእርጋታ ቢማረው ይሻላል፡፡

ከእኩዮቹ ጋር ይሁን

ወደ ልጁ ቅሬታ ልመለስ፡፡ ችግሩ ገመድ መቋጠሩ አልነበረም፤ ከማን ጋር ተቀምጦ እንደሚቋጥረው ነው፡፡ የስካውት ቡድን ፓትሮል በሚባሉ ትንንሽ ጭፍሮች ይከፋፈላል፡፡ አዲስ የገባ ሁሉ አዲስ በገቡት ፓትሮል ይመደብ የሚል ልማድ ባለበት ቡድን፣ የ15 ዓመቱ ልጅ ከ11 ዓመት ልጆች ጋር ይቀመጣል፡፡ ማዕረጉ አንድ ቢሆንም ጨዋታቸው፣ ቁመታቸውና ሐሳባቸው አንድ አይደለም፡፡ ድርጅቱም ቢሆን ዕድሜያቸው ከፍ ያሉ ልጆች የራሳቸው ፓትሮል እንዲኖራቸው ይፈቅዳል፡፡ ማዕረግና ፓትሮል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፡፡ ልጁ የመጀመሪያውን ማዕረግ እየሠራ ከእኩዮቹ ጋር መሰለፍ ይችላል፡፡

ለዚህ የደኅንነት ምክንያትም አለው፡፡ በደንቡ መሠረት በአንድ ድንኳን የሚያድሩ ልጆች የዕድሜ ልዩነት ከሁለት ዓመት መብለጥ የለበትም፡፡ የ15 ዓመት ልጅ ከ11 ዓመት ልጅ ጋር አንድ ድንኳን አይጋራም፡፡ እኩያ የሌለው ልጅ ማታ ማታ ብቻውን ያድራል ማለት ነው፡፡ ብቻውን የሚያድር ልጅ ደግሞ ብዙ አይቆይም፡፡

ሁለተኛው መድኃኒት እውነተኛ ኃላፊነት ነው፡፡ ከስታር ጀምሮ በቡድኑ ውስጥ ኃላፊነት ይዞ መሥራት መስፈርት ነው፡፡ ነገር ግን እስከዚያ መጠበቅ የለበትም፡፡ እንግሊዝኛው ገና ያልጠራለት ልጅ ስብሰባ መምራት ይፈራ ይሆናል፡፡ የድንኳኑንና የምድጃውን ዕቃ ቆጥሮ የሚረከብና የሚያስረክብ ሰው ቢደረግ ግን ቋንቋው አያግደውም፤ ቡድኑም ያለ እሱ መንቀሳቀስ አይችልም፡፡ ትልቅነቱ ሸክም መሆኑ ቀርቶ የሚፈለግበት ምክንያት ይሆናል፡፡

ጊዜ ይጨመር እንጂ መስፈርት አይቀነስ

እናትየዋ ላነሳችው የ‹‹ያዘልሉት›› ጥያቄ ጥሩ ምላሽ የሚሆን ታሪክ አለ፡፡ ድርጅቱ በዚህ ፕሮግራም ሴት ልጆችን መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 ነበር፡፡ በዚያን ጊዜ 16 እና 17 ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች በሩ ዘግይቶ የተከፈተው በእነሱ ጥፋት አልነበረም፡፡ ስለዚህ ዕድሜያቸው 16 ሞልቶ 18 ላልደረሰ፣ በዚያው ዓመት ውስጥ ለተመዘገቡ ልጆች፣ ከተመዘገቡበት ቀን ጀምሮ 24 ወር እንዲሰጣቸው መጠየቅ የሚችሉበት ጊዜያዊ ደንብ ወጣ፡፡ ልብ በሉ፤ የተጨመረላቸው ጊዜ ብቻ ነው፡፡ 21 ባጆች ያው 21 ሆኑ፤ የኃላፊነት ወራትም አልተነኩም፡፡ በ2021 የመጀመሪያዎቹ ሴት የንስር ስካውቶች ይፋ ሲደረጉ ቁጥራቸው ወደ አንድ ሺሕ ይጠጋ ነበር፡፡ ማዕረጋቸው በቅናሽ የተገኘ ነው ብሎ ሊከራከር የሚችል ሰው አይኖርም፡፡

በሕግ ትምህርት ቤት የተማርነው የእኩልነት ትርጉምም ይኸው ነው፡፡ ከኋላ የተነሳን ሰው መርዳት ማለት የመድረሻውን መስመር ወደ እሱ ማቅረብ አይደለም፤ መንገዱን መጥረግ ነው፡፡ በዛሬው መደበኛ አሠራር ግን የጊዜ ማራዘሚያ የሚፈቀደው በጠባቡ መሆኑን ወላጆች ይወቁ፡፡ ልጁ ሁሉንም ለመጨረስ በቂ ጊዜ እያለው የገባ መሆን አለበት፤ ከዚያም ያለ ጥፋቱ ከባድና ያልታሰበ ችግር የደረሰበት መሆን ይኖርበታል፡፡ ‹‹ዘግይቼ ነው የገባሁት›› የሚለው ብቻውን አያስኬድም፡፡

ለወላጆች አንድ ቃል

የእኛ ሰው ንስር ስካውት የሚለውን ስም ሲሰማ ቶሎ የሚታየው የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ነው፡፡ አልፈርድም፤ እኔም ወላጅ ነኝ፡፡ ነገር ግን ለንስር የሚሠራውን የማኅበረሰብ አገልግሎት ፕሮጀክት ማቀድና መምራት ያለበት ልጁ ነው፡፡ አባት የሠራው ፕሮጀክት የአባት ነው፡፡ በየሳምንቱ ‹‹ስንት ባጅ ያዝክ?›› እየተባለ የሚጠየቅ ልጅ ስካውትን እንደ ሁለተኛ የሒሳብ ትምህርት ማየት ይጀምራል፡፡

ስሌቱ ካልደረሰ ደግሞ በሐቅ ይነገረው፡፡ በ17 ዓመቱ የገባ ልጅ ንስር ባይሆንም ፈርስት ክላስ መድረስ ይችላል፡፡ ፈርስት ክላስ የደረሰ ልጅ ካርታ አንብቦ መንገድ ያገኛል፤ ደም ያቆማል፤ ለጓደኞቹ ምግብ ያበስላል፤ ይዋኛል፡፡ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፡፡ ከዚህም ሌላ ከ14 እስከ 20 ዓመት ያሉትን የሚያቅፈው ቬንቸሪንግ የተባለ ፕሮግራም አለ፡፡ እዚያ የ17 ዓመት ልጅ ዘገየ አይባልም፤ ከሦስት ዓመት በላይ ከፊቱ አለውና፡፡

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ የቡድኑን መሪ ሄዳ አነጋገረችው፡፡ ማዕረግ ይዘለልልኝ አላለችም፡፡ የጠየቀችው ልጇ ከእኩዮቹ ፓትሮል እንዲገባና አንድ ሥራ እንዲሰጠው ብቻ ነበር፡፡ መሪው እሺ አላት፡፡ ልጁም ተመልሷል፤ ድንኳን ቆጣሪ ሆኗል፡፡ ዋና ገና አልቻለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተማረ ነው፡፡ ባለፈው ስደውልለት ‹‹ጋሼ፣ አሁን ጥልቁ ጋ መግባት ጀመርኩ›› አለኝ፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡