የዱሮ መኪና ሞተር አመራረጥ

ከሐይቅ ከተማ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ደሴ ከሐይቅ በ500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ መንገዱ የሞተር ጉልበት የሚፈተንበት ነው። ያረጀ ሞተር የተሸከመች መኪና በዚህ ዳገት ላይ ገመናዋ ይገለጣል።

እንበልና አንድ በአምባሰል ወረዳ፥ በውጫሌ ከተማ የሚኖሩ አባት በተለምዶ «ቮልስ» የምትባለው አሮጌ ቮልስዋገን አለቻቸው። ሞተሯ ዘይት ይበላል፤ ጭስም ይተፋል። አባትየው ሁለት ሦስት ዓመት ሊነዷት፥ ከዚያም ሸጠው በገንዘቡ ልጃቸውን ሊያስተምሩ አስበዋል። ስለዚህ የሚያሳስባቸው የሞተሩ ብርታት ብቻ አይደለም፤ ነገ የሚመጣው ገዢ መኪናዪቱን በምን ዐይን ያያታል የሚለውም ጭምር ነው።

የዚህች መኪና የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ ምርቱ አብቅቷል። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና በሚያስገባ ሰው ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚህ ምክንያት በአገር ውስጥ ያለች መኪና ብታረጅም በቀላሉ የምትጣል አይደለችም።

ነባሩን ሞተር አውርዶ ማሳደስ የመጀመሪያው አማራጭ ነው። የዱሮ መኪና ወዳጅ «ሞተሯ የራሷ ነው» ሲባል ልቡ ያርፋል። የሞተሩ አካል እስካልተሰነጠቀ ድረስ ከዚህ የተሻለ ምክር ያለ አይመስለኝም።

አካሉ ከተሰነጠቀ ግን ከዚያው ከቮልስ ዘር ሌላ ሞተር ይፈለጋል። የቮልስ ሞተር ከኋላ የተቀመጠ፥ በአየር የሚቀዘቅዝና ከካምቢዮው ጋር በአራት ብሎን ብቻ የሚያያዝ በመሆኑ ማውረዱም መግጠሙም ቀላል ነው። የ1200ው ሞተር 34፥ የ1600ው ደግሞ 50 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ነገር ግን ይህ ልክ በባሕር ጠረፍ የሚገኘው ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ይጠፋል፤ በሐይቅ አካባቢ እንግዲህ የመጀመሪያው ወደ 27፥ ሁለተኛው ወደ 40 ዝቅ ይላል። ስለዚህ ትልቁን ሞተር መምረጥ ለዳገቱ ምክንያታዊ ነው፤ መኪናዪቱም ከውጭ ስትታይ ያው ቮልስ ናት። ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በ6 ቮልት የሚሠራው የዱሮው ዐይነት ቮላኖ 109 ጥርስ ሲኖረው፥ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው፤ ስፋቱም ስለሚበልጥ የካምቢዮው ቤት ውስጡ ካልተሞረደ አይሽከረከርም። ይህን ሳይጠይቅ ሞተር የገዛ ሰው ጋራዥ ደርሶ ይጸጸታል። ጉልበት ሲጨመር ፍሬኑም መፈተሽ እንዳለበት መካኒኩ ካልነገራቸው፥ ሌላ መካኒክ ይፈልጉ።

በውጭ አገር በቮልስ ላይ የሱባሩ ሞተር የሚገጥሙ አሉ። ሞተሩ ብርቱ ነው፤ ዳሩ ግን በውሃ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተርና የውሃ ቧንቧ ይጠይቃል፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ የመኪናዪቱ አካል ይቈረጣል። የተቈረጠ ብረት ደግሞ ቢበየድም ጠባሳው አይጠፋም። ዱሮነቷን ወዶ የመጣ ገዢ ይህን ሲያይ ዋጋውን ይቀንሳል፤ ወይም ትቷት ይሄዳል። ለጭነትና ለገጠር መንገድ የምትገዛ ላንድክሩዘር ብትሆን ፍርዱ ይለወጥ ነበር፤ ቶዮታ ራሱ 40 የሚባለውን ዐይነት በቤንዚንም በናፍጣም ሞተር ስለ ሠራው፥ የቤንዚኑን አውርዶ የናፍጣውን መግጠም ባዳ ነገር ማስገባት አይደለም።

የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር በሊብሬ ላይ ተመዝግበው ይገኛሉ። ሞተሩ ተለውጦ ሊብሬው ካልታረመ፥ ሁለቱ ቁጥሮች በማይስማሙባት መኪና ላይ ጠንቃቃ ገዢ ገንዘቡን አያወጣም። ስለዚህ እኚህ አባት አዲሱን ሞተር ሲገዙ ሕጋዊ ደረሰኙን መቀበል፥ ለውጡንም በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ አለባቸው። የወረደውንም ሞተር ለብረት ገዢ በርካሽ ከመስጠት ይልቅ ዘይት ቀብተው፥ በሸራ ጠቅልለው በጓዳ ቢያስቀምጡት፥ በሽያጩ ቀን ከመኪናዪቱ ጋር አብረው ለገዢው ሊያስረክቡት ይችላሉ።