ከአንድ ቤርጋ አራት ወይስ አምስት?

መካነ ሰላም ላይ ብየዳ ቤት ለከፈተ ወጣት ብረት ርካሽ ነገር አይደለም። ቱቦው ከደሴ በአቀስታ በኩል ተጭኖ ነው ቦረና የሚደርሰው፤ የመኪናው ኪራይም ዋጋው ላይ ይደመራል። እኔ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን እንጃ፣ ብረት ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ጥግ ላይ የተከመረውን ቁርጥራጭ ነው። ትርፉ ያለው እዚያ ነዋ!

እስቲ በቁጥር እንየው። የበርጩማ እግር እንሥራ፦ ቁመቱ 45፣ ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ሁለት ቦታ የታጠፈ ክብ ቱቦ። ብዙ ሰው 45 ሲደመር 40 ሲደመር 45 ብሎ 130 ይቆርጣል። ከባለ 6 ሜትር ቤርጋ አራት ፍሬ ይወጣል፤ 80 ሴንቲ ይተርፋል።

ግን ቱቦ ሲታጠፍ ጥጉን አይዞርም፣ ያቋርጣል። በማሳ መሀል አቋርጦ ገበያ የሚወርድ ሰው መንገድ እንደሚያጥርለት ማለት ነው። ሲታጠፍ የውጪው ጎን ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል፤ የመሀሉ መስመር ግን ርዝመቱ ብዙም አይለወጥም። ሂሳቡ የሚሠራው በዚህ መስመር ነው።

የቱቦው ውፍረት 2.5 ሴንቲ፣ የመታጠፊያው ሬዲየስ እስከ ቱቦው መሀል 10 ሴንቲ ይሁን። ለ90 ዲግሪ 10ን በ1.57 ስናባዛ 15.7 ይመጣል። እስከ ውጪው ጠርዝ ሬዲየሱ 11.25 ስለሆነ፣ ቀጥ ያለው እግር 45 ሲቀነስ 11.25፣ ማለትም 33.75 ነው። የላዩ ቀጥታ 40 ሲቀነስ 22.5፣ ማለትም 17.5። ሁለት እግር፣ ሁለት መታጠፊያና አንድ ላይ ስንደምር 116.4 ሴንቲ። በቃ፣ ከአንድ ቤርጋ አምስት ወጣ!

አንድ በርጩማ ሁለት እንዲህ ዓይነት እግር ይፈልጋል። ለአሥር በርጩማ አምስት ቤርጋ ይገዛ የነበረ ሰው አሁን በአራት ይጨርሳል። ብረቱም ማሽኑም ያው ነው፤ የተለወጠው ልኬቱ ብቻ ነው።

ምልክት ስታደርጉ ሁሉንም ከአንድ ጫፍ ለኩ፦ 33.75፣ 49.45፣ 66.95፣ 82.65። ከምልክት ወደ ምልክት እየዘለላችሁ ከለካችሁ ትንንሿ ስህተት ትጠራቀማለች። ወፍራም ጠመኔ ብቻውን ሚሊዎች ይበላል፤ ቀጭን ማርከር ይሻላል። የሜትሩ ጫፍ ከላላ ደግሞ ከ10 ጀምሩና መጨረሻ ላይ 10 ቀንሱ። ቱቦው የተበየደበት መስመር ካለው ወደ ጎን ይሁን፤ ውጪ በኩል ከሆነ ሲለጠጥ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የማሽናችሁን ሬዲየስ አታውቁትም? ከቁርጥራጩ ክምር 50 ሴንቲ አንሱና 90 ዲግሪ እጠፉት። ብረት ሲለቀቅ ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከ90 ጥቂት አሳልፉት። ከዚያ ሁለቱን ጎኖች ከውጪ ጠርዝ ለክታችሁ ደምሩ። 56.8 ከመጣ መታጠፊያው 6.8 ሴንቲ ሰጥቷችኋል ማለት ነው። በየመታጠፊያው ይህንን ከውጪው ልኬት ድምር ቀንሱ። ሁለት መታጠፊያ ሲሆን 13.6፤ 130 ሲቀነስ 13.6 ያው 116.4።

አስር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይባላል። ካልኩሌተሩ ስልካችሁ ላይ አለ። ሂሳቡ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ አምስተኛው ቤርጋ ግን እስከ ደሴ ያስኬዳል።