የብራናው ቅጂ የማን ሰርቨር ላይ ነው?

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአበምኔቱ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የተጻፈው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወንጌል ለሰባት መቶ ዓመታት ያህል የታየው ወይ በገዳሙ መነኮሳት፣ ወይ ፈቃድ ባገኘ እንግዳ ነው። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ሴት ተመራማሪ ከደጅ ነበር የምትመለሰው። ዛሬ ዱባይ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት፣ ማታ ሥራዋን ስትጨርስ፣ በስልኳ በነጻ ተመዝግባ ቅጠል በቅጠል ልታየው ትችላለች። በማይክሮፊልም ቁጥሩ፣ ኢኤምኤምኤል 1832 ብሎ መፈለግ ይበቃል።

ምስሉ የሚመጣው ግን ከሐይቅም ከአዲስ አበባም አይደለም። የሚመጣው ከአሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ከሚገኝ የቤኔዲክት መነኮሳት ቅጥር ግቢ ነው። ሂል የተባለው የጽሑፍ ቅርስ ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ያለው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973፣ በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። አብዮቱ ፈነዳ፣ ፓትርያርኩ ተገደሉ፣ ፊልም ማንሳቱ ግን አልቆመም። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚሆኑ መጻሕፍት ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው ኮሌጅቪል ሄደ።

የሁለቱ ቅጂዎች ዕጣ የተለያየው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘብ ብቻ አይመስለኝም። ኮሌጅቪል ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን አገኘ። በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመተው ከወገባቸው በታች የማይንቀሳቀሱት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1976 እዚያ ደረሱ፤ ከዚያም ለአሥርተ ዓመታት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ፊልሞቹን ገለጡ። ምን መጽሐፍ ነው? ማን ጻፈው? በየትኛው ንጉሥ ዘመን? በኅዳጉ ላይ የመሬት ስጦታ አለ ወይ? ይህን ሁሉ መዝግበው በተከታታይ ቅጽ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያርፉ ሥራቸው ወደ ኢንተርኔት ወጥቶ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የከፈተው የድረ ገጽ ንባብ ክፍል የኢትዮጵያ ስብስብ በአብዛኛው የቆመው በእርሳቸው ካታሎግ ላይ ነው። ያለ እርሱ አብዛኛው ፊልም ስም አልባ የፎቶ ክምር ይሆን ነበር።

ይህን የምለው በየጊዜው «ዲጂታል አደረግን» የሚል ዜና ስለምሰማ ነው። ካሜራ ገዝቶ ማንሳት ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ ፕሮጀክት የ25 ዓመት ዕቅድ ነው፤ ያ ሁሉ ጊዜ የተያዘለት በዋናነት ለመግለጫው ነው፤ የትኛው ድርሳን በየትኛው ብራና ውስጥ እንዳለ፣ የትኛው ስም የየትኛው ሰው እንደሆነ ለማገናኘት። የእኛ ተቋማት በጀት ሲጠይቁ ስካነር ይጠይቃሉ እንጂ ለካታሎግ ሠራተኛ የ25 ዓመት ደመወዝ ጠይቀው አላየሁም።

ወደ ታተመው መጽሐፍ እንምጣ። የአማርኛ አንባቢ ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ዛሬ የቱ ነው? ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን ወመዘክር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ በ1.1 ቢሊዮን ብር ተሠርቶ የተመረቀው አብርሆትም አይደለም፤ አዳራሹ በተማሪ ቢሞላም፣ አብዛኛው የሚያነበው ይዞት የመጣውን ደብተር ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ቴሌግራም ነው። ከገበያ የጠፋው ልብ ወለድ፣ የተማሪ መርጃው፣ ትናንት የወጣው የፖለቲካ ማስታወሻ ሁሉ በፒዲኤፍ እዚያ አለ። ገጹ ተንጋዷል፤ ጠርዙ ላይ የአንሺው አውራ ጣት ይታያል፤ መካከሉ ላይ የቻናሉ ስም ተደንቅሯል። ሪያድም ዋሽንግተንም ያለው ሰው በሁለት ደቂቃ ያወርደዋል።

ደራስያን ሲያዝኑ እውነት አላቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲው ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ለወራሾቹ ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ነውና «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ 2046 ዓ.ም. ባለቤት አለው። ሆኖም በቴሌግራም የማያልፍበት ቀን የለም። አንባቢውን ሌባ ብሎ ማለፍም አይበቃም። ቤተ መጻሕፍት በስልክ የሚያውሰው ቢኖር ምን ያህሉ ሰው ወደዚያ ይሄድ እንደነበር አልተሞከረማ!

ማዋሱ ራሱ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ኢንተርኔት አርካይቭ የሞከረው ይህንኑ ነበር። በመደርደሪያው ያለውን እያንዳንዱን የታተመ ቅጂ ስካን አድርጎ፣ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ያውስ ነበር። በኮሮና ወቅት፣ መጋቢት 2020 እ.ኤ.አ.፣ የወረፋውን ገደብ አነሣ። አራት ታላላቅ አሳታሚዎች ከሰሱት፤ በ2023 ተፈረደበት፤ በመስከረም 2024 ይግባኙም ወደቀ። ከአምስት መቶ ሺህ በላይ መጻሕፍትን ከውሰት አነሣ። ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ከአሳታሚና ከደራሲ ጋር አስቀድሞ ካልተዋዋለ በኋላ የሚዋዋለው በፍርድ ቤት ነው። እኛ ዘንድ አሳታሚው ብዙ ጊዜ ደራሲው ራሱ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ውሉም ሊቀል ይገባው ነበር።

ቀጥሎ የፍለጋው ጣጣ አለ። ሐዲስን በሐመሩ «ሐ» የጻፈ እና በሃሌታው «ሀ» የጻፈ ሰው አንድ መጽሐፍ ላያገኙ ይችላሉ። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ»፣ «ፀ» እና «ጸ» ሲጨመሩበት አንድ ርዕስ አሥር መልክ ይኖረዋል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ለዓመታት ማተሚያ ቤቶቻችን በፓወር ግዕዝና በመሰሎቹ የጻፉት ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ይህን ማስተካከል ለፕሮግራም ባለሙያ የሳምንታት ሥራ ነው፤ ግን ማን ያዘዘው?

ቅጂያችን በሰው ሰርቨር ላይ ሲሆን ምን ይመጣል የሚለውንም ባለፉት ዓመታት አይተናል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ራይሲዳ የተባሉ የሳይበር ዘራፊዎች የብሪታንያን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሰብረው ገቡ። ገንዘብ ጠየቁ፤ ተከለከሉ፤ 600 ጊጋባይት የሚያህል የሰረቁትን መረጃ በተኑ። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ሦስት መቶ ሃምሳ ያህል ብራናዎች የሚገኙት እዚያ ነው፤ ዲጂታል የሆኑትም ቅጂዎች ለረጅም ጊዜ ከድሩ ጠፉ። መጽሐፉም ለንደን፣ ምስሉም ለንደን።

የቤታችንም ጥፋት አለ። ከምሥራቅ ትግራይ አድባራት የተነሡ የብራና ምስሎች ሃምቡርግ ውስጥ ይነበቡ በነበረበት ሰዓት፣ ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ሲጀመር ኢንተርኔቱና ስልኩ በመዘጋቱ የአዲግራት ሰው የገዛ ደብሩን መጽሐፍ ማየት አይችልም ነበር። አገልጋዩ ኮምፒውተር በአውሮፓ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ መስመሩ ግን በእኛው እጅ ተቆርጦ ነበር። በየሀገረ ስብከቱ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት አንድ ሙሉ ቅጂ በሃርድ ዲስክ ቢቀመጥ ኖሮ ወጪው ከአንድ የቢሮ መኪና ያነሰ ይሆን ነበር።

እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ግን ቀላሉን ነው። ወመዘክር የታተመውን ሁሉ ቅጂ በሕግ የመሰብሰብ ሥልጣን አለው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ብሪታንያ በ2013 ይህንኑ ሥልጣን ወደ ድረ ገጽ አስፋፍተዋል። የእኛ አሰባሰብ ግን በአብዛኛው በወረቀት ላይ ነው የቆመው፤ በስደት ያሉ ጋዜጠኞች የከፈቷቸው ድረ ገጾችና የፌስቡክ ሙግቶች ብዙዎቹ ሳይቀመጡ ይጠፋሉ። ድሩን ሁሉ መልቀም ይከብዳል እንበል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሚታተም እያንዳንዱ መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ቤት የሚገባው በፋይል ነው። ደራሲው ለወመዘክር ከሚያስረክበው የወረቀት ቅጂ ጋር ያንን ፋይል እንዲጨምር አንድ መመሪያ ይበቃል። ለሕዝብ እስኪከፈት ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ደራሲው ሲፈቅድ ወይም የመብቱ ዘመን ሲያልፍ ይከፈት።